የልምምዱ አመልካች

የከተማ ፕላን ተመራቂዎችን ለሥራ ቅጥር የሚያዘጋጀው መምህር ተማሪዎቹን ከረባት አሳስሮ ሆቴል አዳራሽ ሰበሰባቸው። "ዛሬ ቀጣሪዎቹ እናንተ ናችሁ" አላቸው። "አመልካች ሆኖ የሚቀርብ ሰው አምጥቻለሁ። እንዳትራሩለት።"

ሰብሳቢ ያደረጉት ፌዘኛውን ኢዮስያስን ነበር።

የገባው ሰው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ እጅጌው ያጠረ ኮት የለበሰ ነው። በከተማ ፕላን በማዕረግ እንደተመረቀ ነገራቸው።

"ታዲያ እስከ ዛሬ የት ተኝተህ ነው?" አለው ኢዮስያስ።

"ሥራ ስፈልግ ነበር፣ ጌታዬ።"

ተማሪዎቹ ሳቁ። አንዷ ኮቱ የማን እንደሆነ ጠየቀችው። "የወንድሜ ነው" አላት ሳይቆጣ። ኢዮስያስ "እስቲ ተነሥተህ ዙር" ሲለው ተነሥቶ ዞረ። ለከተማዋ ምን እንደሚጠቅም ሲጠየቅ ግን ዓይኑ በራ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ስለሚወስዳቸው የወንዝ ዳር ቤቶች ማስረዳት ጀመረ። ኢዮስያስ እያዛጋ አቋረጠው።

"በቃ፣ በቃ። አንተን ለዘበኝነትም አንቀጥርህም።"

ሰውየው እጅ ነሥቶ ወጣ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

"መምህር፣ እንዲህ ያለ ተዋናይ ከየት አገኙ?" አለ ኢዮስያስ በሳቅ ያነባ ዓይኑን እየጠረገ። መምህሩ ፈገግ ብሎ ሰዓቱን አየ።

በሩ ተንኳኳ። ሰውየው አንገቱን ብቅ አደረገ።

"ይቅርታ፣ ሳልጠይቅ ወጣሁ" አለ መምህሩን እያየ። "ውጤቱ የሚለጠፈው እዚህ ነው፣ ወይስ መሥሪያ ቤታችሁ ልምጣ?"