ፊቱን በቀለም የሸፈነችው ሴት

«እኔን ሳትቀቢ ይሄን ግድግዳ አትቀቢም» አለች ግሌኒስ... ሁለት እጇን ዘርግታ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ።

ግሌኒስ ከዳርዊን ከተማ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ከተማችን ዳቦ ቤት አላት።

ከዳቦ ቤቷ ጎን ያለው ግድግዳ ላይ ባርኔጣ ያደረገ የአንድ ሽማግሌ ፊት ተስሏል።

ሽማግሌው ዕድሜውን ከብት ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር።
(ስሙን አልጽፍም... ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል።)

ጠዋት ጠዋት ከራሱ ሥዕል ሥር ይቀመጥና ሁለት የሥጋ ፓይ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ሥጋ፣ ያዝ ነበር።

«አንዱ ለኔ፣ አንዱ ከላይ ላለው ሰውዬ» ይላታል።

ሁለቱንም የሚበላው ግን ራሱ ነው።

ግሌኒስ ለከተማው እንግዳ ሆና ስትመጣ መጀመሪያ ያሳቃት እሱ ነበር...

ባለፈው ሳምንት ሞተ።

ዛሬ ደግሞ አንዲት ሴት ባልዲና የቀለም ሩሎ ይዛ መጥታ ፊቱን እጇ እስከደረሰበት፣ ከአገጩ እስከ አፍንጫው፣ በግራጫ ቀለም አጠፋችው።

ማዘጋጃ ቤት የጎዳና ሥዕል የሚያጠፋው በግራጫ ነው።

ግሌኒስ ማን እንደላካት ጠየቀቻት። ዝም።

የፈቃድ ወረቀት አላት ወይ? ዝም።

«አፍሽን ማዘጋጃ ቤት ትተሽው ነው የመጣሽው?»

ሴትየዋ እጇን አንስታ በጣቶቿ የሆነ ነገር አሳየቻት።

«ጭራሽ በእጅሽ ታባርሪኛለሽ? አፈር እንኳን ሳይለብስ...» አለችና ግሌኒስ የሽማግሌውን ስም ጮክ ብላ ጠራችው።

ሩሎው ከሴትየዋ እጅ ወደቀ።

ይሄኔ ሁላችንም አክስት የምንላት ዶሪን ከመንገዱ ማዶ ካለ ዛፍ ጥላ ሥር ተነስታ መጣች።

«ስሙን አትጥሪው ልጄ» አለቻት። «ይቺ ከማዘጋጃ ቤት አይደለችም። ሚስቱ ናት።»

የግሌኒስ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ...

አክስት ዶሪን ረጋ ብላ አስረዳቻት። በእነሱ፣ በአገሩ ነባር ተወላጆች፣ ወግ ሰው ሲሞት ስሙ አይጠራም፣ ምስሉም ይሸፈናል። ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ሐዘኑ እስኪያበቃ ድረስ ቃል አትናገርም... የምታወራው በእጅ ምልክት ብቻ ነው። ቀብሩ ነገ ነው፤ ዘመዶቹ ሁሉ የሚመጡት በዚህ መንገድ ነው። ያን ፊት ማየት የለባቸውም።

«ቅድም በእጇ ምን አለችኝ?» አለች ግሌኒስ።

«የሁለቱ ፓይ ሴትዮ አንቺ ነሽ? ነው ያለችሽ። ቤቱ ሲገባ ስላንቺ ያወራት ነበር።»

ግሌኒስ ወደ ግድግዳው ዞረች። የቀሩት ዓይኖቹና ባርኔጣው ነበሩ።

«እሺ... ግን ለምን ራሷ? ሌላ ሰው አይቀባላትም?»

«እምቢ አለች። መጀመሪያስ ማን የሳለው መሰለሽ?»

ግሌኒስ ዘወር ብላ ዳቦ ቤቷ ገባች። ተቀይማ ነው ብለን ነበር...

መሰላል ይዛ ወጣች።

እሷ መሰላሉን ያዘች፤ ሚስትየው ወጣች።

ባርኔጣውንና አንዱን ዓይን ቶሎ ሸፈነች።

ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቆየች... ግሌኒስም መሰላሉን እንደያዘች ጠበቀቻት።

ሸፈነችው።

ስትወርድ ግሌኒስ በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ትኩስ ፓዮች ሰጠቻት።

አንዱን ወሰደች። አንዱን መልሳ ግሌኒስ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

ባልዲዋን አንስታ ሄደች።

ወዳጆቼ... አንዳንዱ ሰው ዝም የሚለው ንቆን ሳይሆን ሐዘኑን ተሸክሞ ነው። ከመቆጣታችን በፊት የሚያውቀውን ሰው እንጠይቅ።

እናንተ ብትሆኑስ... በፍቅር የሳላችሁትን ፊት በገዛ እጃችሁ መሸፈን ትችሉ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።