የካምቢዮው ሽታ

መካኒኩ ጋሽ ገብረክርስቶስ፣ ሞተሩ እንደበራ ከካምቢዮው የመዘዙትን የዘይት መለኪያ በነጭ ጨርቅ ጠረጉና ጨርቁን የሰብሊ አፍንጫ ሥር ያዙላት። «እስቲ አሽቺው» አሏት።

ሰብሊ ግራ ገባት። ዕድሜዋ ከእሷ የማያንሰው አውቶማቲክ መኪናዋ ዳገት ስታይ ከመጮህ በቀር መሄድ ካቆመች ሳምንት አልፏታል። ከካዛንቺስ እስከ ቡልጋሪያ ማዞሪያ የጠየቀቻቸው ሦስት መካኒኮች በአንድ አፍ «ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ» ስላሏት፣ ለቁርጥራጭ ብረት ልትሸጣት ምንም አልቀራትም ነበር።

«ምን ይላል? እንዳረረ ሽሮ ይሸታል?»

ጎንበስ ብላ ሳበችው። «አይ፣ ዘይት ዘይት ብቻ ነው የሚለው።»

«አትቸኩዪ፤ ድገሚው።»

ደገመችው። «አላረረም፣ ጋሼ።»

«በቃ፣ ዘይቱ ካላረረ ካምቢዮሽ ጤነኛ ነው!» አሉና ከሥር የረጠበች ቀጭን ቱቦ በጣታቸው አሳዩዋት። «ይቺ ስታንጠባጥብ ከርማ ዘይቱን አጉድላብሻለች። እሷን ቀይረን እንሞላዋለን።»

«እርስዎ ግን ሳያሸቱት?»

ጋሽ ገብረክርስቶስ ሳቁ፤ ቅንጣት አላፈሩም። «የኔ አፍንጫማ በኮሮና ጊዜ እንደሄደ ቀረ፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ ባለመኪናው ነው የሚያሸትልኝ።»

ሰብሊ ጨርቁን ከእጃቸው ተቀብላ አንዴ ደግማ አሸተተችው። የእነዚያ የሦስቱ መካኒኮች አፍንጫ ደህና ነበር። ኮፈኑን እንኳ የከፈተ ግን አልነበረም።