መሙ ላይ የቆመችው እናቴ

ሦስት ዙር ቀርቶናል። ከፊቴ ሮሐ ብቻ ናት፤ እሷም ትከሻዋ መነሣት ጀምሯል፣ ደክሟታል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት የክለብ ሰዎች ከአሰላ የሚወስዱት ሁለት ሴት ነው። ሁለተኛ ነኝ። ያ ረቢ፣ እንዲሁ አዝልቀኝ እያልኩ እሮጣለሁ።

ኩርባውን እንደዞርን ሮሐ ድንገት ቆመች። ልገጫት ምንም አልቀረኝም።

"ምን ሆነሻል? ሩጪ እንጂ!" ብዬ ጮህኩባት። በአገጯ ወደፊት አሳየችኝ።

መሙ መሀል አንዲት ሴት ቆማለች፤ ሻርፗን አጥብቃ አስራ፣ በሁለት እጇ ሲንቄ ይዛ። እናቴ ናት። ወይኔ ጉዴ! ጠዋት "ጮሌ በሰላም ግቢ" ብላ መርቃ፣ ጮሌ ከተማ ወደተመደብኩበት የነርስነት ሥራ የሸኘችኝ እናቴ።

ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። እሷን ይዛ ሴት ከቆመች የሚጋደሉ ወንዶች እንኳ ይለያያሉ፤ ጥሷት የሚያልፍ አርሲ የለም። የእናቴን ሲንቄ የማውቃት ጓዳ በር ጀርባ ተደግፋ ነው። አባቴ ሞቶ አጎቶቼ መሬቱን ሲቀራመቱባት እንኳ አላነሳቻትም። ለኔ አነሳቻት! ተናደድኩ፤ ደግሞ አፈርኩ።

ኋላ የነበሩት ልጆች እየደረሱ አጠገባችን ቆሙ። ሮሐ እንኳ፣ ማተብ ያሰረችው የሸዋ ዘር፣ አንድ እርምጃ አልተራመደችም። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ታውቃለች።

አሰልጣኝ እንደሻው ሰዓቱን እንደጨበጠ እየሮጠ መጣ።

"እናቴ፣ በፈጠረዎት! ምርጫ ላይ ነን እኮ፣ እንግዶቹ እያዩ ነው!"

"ልጄን ነው የምፈልገው" አለች። "ፈይሩዛ ትውጣልኝ፣ ሌላው ይሩጥ።"

"እማዬ፣ ሦስት ዙር ነው የቀረኝ። ሦስት ዙር ብቻ!"

"የስንቅ ጭኮሽን ረስተሽው ሄድሽና መናኸሪያ ድረስ ይዤልሽ ሄድኩ። የጮሌው መኪና አለ፣ አንቺ የለሽም። ቶላ ነው ሜዳ ናት ያለኝ። ዛሬ ጤና ጣቢያው ካልደረስሽ ቦታውን ለተጠባባቂዋ ይሰጡታል ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም?"

"ነርስነቱ የትም አይሄድም።"

"ይሄዳል! ተመርቀሽ ያን ሁሉ ጊዜ ቤት ስትቀመጪ የት ነበር? እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ልጄ። ወንድምሽን አላየሽም?"

ቶላ ወንድሜ ነው። እሱም እዚሁ ሜዳ ላይ ነው የሮጠው። ጉልበቱ ከዳውና አሁን መናኸሪያ ጥግ ጫት ሲቅም ይውላል። ከሱ እሻላለሁ ልበላት? ውሸት ነው። ቶላ ሲሮጥ ሰው ሥራውን ጥሎ ነበር የሚያየው።

"እኔ ስሮጥ ብቻ ነው ደስ የሚለኝ" አልኳት። እንደ ሕፃን ነው ያልኩት፣ ድምፄ ተሰባብሮ።

"አውቃለሁ። ሆዴ ውስጥ ከነበርሽበት ጀምሮ አውቅሻለሁ።" እንባዋ ወረደ፣ በትሯን ግን አላወረደችም። "እኔ ደግሞ ሌላ ቶላ መጦር አልችልም። አቅም የለኝም፣ ደከመኝ።"

ከጭላሎ ተራራ በኩል ንፋስ መጣ፤ ላባችን መቀዝቀዝ ጀመረ። ከክለቡ ሰዎች አንዱ ከወንበሩ ተነሥቶ ቦርሳውን አንገቱ ላይ አጠለቀ። ከኋላዬ ሙቢና ክንዴን ነካ አደረገችኝ። ጓደኛዬ ናት፤ የጉዞ ሻንጣዬን እንኳ እሷ ቤት ነው የደበቅኩት።

"ፈይሩ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "እግሬ እየተሳሰረ ነው። እባክሽ።"

ሁሉም ያዩኛል። እናቴን የሚያይ የለም፣ እኔን ነው።

ወደ ሣሩ ወጣሁ።

እናቴ ሲንቄዋን ዝቅ አድርጋ ለልጆቹ አንገቷን ሰበረች። "አላህ ይስጣችሁ፣ ሩጡ" አለችና ከመሙ ወረደች። እንደሻው ወደኔ ሳያይ "ተራችሁን እንደያዛችሁ! ቀጥሉ!" ብሎ ጮኸ። ኮቴያቸው አጠገቤ ዱብ ዱብ እያለ አለፈ። ሮሐ ከፊት ናት፣ ከሷ ቀጥላ ሙቢና።

እናቴ በትሯን ብብቷ ውስጥ ሻጥ አድርጋ በሻርፗ ጫፍ የአንገቴን ላብ ትጠርግልኝ ጀመር። ብርድ እንዳይመታኝ ነው። አንገቴን አዘንብዬ ሰጠኋት። እሷም ዓይኗ ከልጆቹ ጋር ሜዳውን ዞረ።

"ስንተኛ ነበርሽ?" አለችኝ።

"ሁለተኛ።"

"ስንት ነው የሚወስዱት?"

"ሁለት።"

እጇ አንገቴ ላይ ቆመ። ልጆቹ ኩርባውን ዞረው ማዶ እስኪደርሱ ድረስ እንደቆመ ቀረ። ከዚያ መጥረጓን ቀጠለች።

"ነይ" አለች፣ "መኪናው ሳይሞላ እንድረስ።"