የአያት ፊርማ

አፀደ ከባሏ ጋር አንድ ገበታ መቅረብ ካስጠላት ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። መኩሪያ ሲያላምጥ የመንጋጋው ድምፅ እንኳ ያቅለሸልሻታል።

ነገሩ የጀመረው ከካርቱም በመጣ ደብዳቤ ነው። የላከችው ሰዓዲያ ናት፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ከልጃቸው ከካሳዬ ፀንሳ ወደ ሱዳን የሸሸችው። አፀደ ደብዳቤውን ራሷ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረችው ገና አምና ነው።

«እኔን ካናዳ ሊወስዱኝ ነው» ይላል። «ልጅቷን ግን የአባቷ ወረቀት እስከ ግንቦት ካልመጣ አናሳፍርም አሉ። ካሳዬ ያለበትን ካላወቃችሁ እናንተ አባትነቱን አጽድቃችሁ ላኩልኝ።»

ካሳዬን ከየት ያገኙታል? በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባ ከተባለ ስድስት ዓመቱ ነው። ወሬውን ያመጣላት መኩሪያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም የለ፣ ሰላምታም የለ። አፀደ ግን እኛን ላለማስያዝ ብሎ ነው እያለች ትጠብቃለች።

ፍርድ ቤት ሄዳ ጠየቀች። ጸሐፊው ገብረሃንስ ትሁት ሰው ነው።

«አባትየው መፈረም ካልቻለ አያትየው ይፈርማሉ፣ እናቴ። ባለቤትዎ ይምጡና ዝርዝሩን እነግራቸዋለሁ።»

መኩሪያ ሄዶ ሳይፈርም ተመለሰ።

«ካሳዬ ሲመጣ ራሱ ይፈርማል» አለ።

«እሱ እስኪመጣ ልጅቷ በረሃ ላይ ትቅር?»

«አልፈርምም አልኩሽ እኮ።»

ምክንያቱን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አላስፈለጋትም። ሰዓዲያ እስላም ናት፤ መኩሪያ ደግሞ የቄስ ልጅ ነው። በየዓመቱ የካቲት ላይ ከቦሌ ሚካኤል እስከ መድኃኔዓለም በእግሩ እየሄደ ለነዳያን ዳቦ የሚያድል ሰው፣ ለገዛ ደሙ አንዲት ፊርማ ይነፍጋል። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ!

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እስላም ስለሆነች አይደለም በለኝ።»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ካሳዬ ይሙት በል።»

ድሮ ወጡ ጨው አነሰው ለማለት ሳይቀር በልጁ ስም ይምል የነበረ ሰው፣ ዛሬ አፉ ተለጎመ።

«በላ። ካሳዬ ይሙት በል።»

«ተይኝ፣ አፀደ።»

«ታስጠላኛለህ» አለችው። «እንኳንም ልጅህ እንዲህ ሆነህ አላየህ።»

በማግስቱ ጧት መኩሪያ ኮቱን ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆመ። «ነጠላሽን ልበሺ፣ እንሂድ» አላት። መንገዱን ሙሉ አላናገረችውም። ታክሲው ውስጥ ትከሻው እንዳይነካት ወደ መስኮቱ ተለጠፈች።

ፍርድ ቤት እንደ ደረሱ መኩሪያ ከውስጥ ኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ለገብረሃንስ ሰጠው። ጸሐፊው አይቶት ከፋይሉ ጋር አያያዘውና የአባትነት ማረጋገጫውን ቃል አቀረበለት። መኩሪያ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አንስቶ ካስቀመጠ በኋላ ፈረመ። ይህን ያህል ቆጨው ማለት ነው፣ አለች አፀደ በሆዷ። ይህም አስጠላት።

«እናቴ፣ እርስዎም በምስክርነት ይፈርማሉ» አለ ገብረሃንስ። «ላንብብልዎ?»

«ራሴ አነባለሁ።»

መኩሪያ መዳፉን ወረቀቱ ላይ ጫነ። አፀደ እንደ ቆሻሻ በሁለት ጣቷ ይዛ እጁን አነሳችው። ከዚያ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል ማንበብ ጀመረች።

«እኔ መኩሪያ ሽፈራው፣ ልጄ ካሳዬ የካቲት 27 ቀን 1970 ዓ.ም. ስለ ሞተና አስከሬኑንም ራሴ ስለ ቀበርኩ፣ በእርሱ ምትክ…»