የእግር አጠባው ዕለት

የበዓሉ ዋዜማ ነው። አባባ ወንድይፍራው በአረጋውያን ማእከሉ ግቢ ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጠው፣ የባለሥልጣኑን ንግግር ከንፈራቸውን ሸርመም አድርገው ያዳምጣሉ።

«እነዚህ ወላጆቻችን ጧሪ የላቸውም፤ ልጆቻቸው እኛ ነን» አለ ባለሥልጣኑ።

ከዚያ ኮቱን አውልቆ፣ ሳፋ ይዞ ከአባባ ወንድይፍራው እግር ሥር ተንበረከከ። የማንን እግር እንደሚያጥብ ቀና ብሎ እንኳ አላየም፤ ዓይኑ ካሜራው ላይ ነበር።

ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኗን አስጠጋች። «አባባ፣ ልጅ የለዎትም?»

«አንድ አለኝ» አሉ።

ድምፃቸውን ሲሰማ የባለሥልጣኑ እጅ ውሃው ውስጥ ቀጥ አለ። አባባ ወንድይፍራው በአገጫቸው ቁልቁል አመለከቱ።

«ስድስት ዓመት መንገዱ ጠፍቶት ነበር። ዛሬ ካሜራው መርቶ አመጣው።»