እትዬ እየጻፈች ነው

ደህና ሲሠራ የኖረ ስልክ በአንድ ወር ውስጥ እንዴት እንዲህ ይፈዛል? ልብስ ሰፊው ይህን ሲጠይቅ ስልክ ሠሪው ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ኤሊ እንጂ ስልክ አይደለም። እስቲ ሆዱን ልየው።»

የስልኩን ማከማቻ ቦታ የበላው የልብስ ሰፊው ታላቅ እህት የላከችው አንድ የድምፅ መልእክት ነበር።

«ሠላሳ አንድ ቀን ይረዝማል፤ አሁንም እየገባ ነው። እህትህ ትንፋሽ አትወስድም እንዴ?»

ልብስ ሰፊው ቀኑን በልቡ ቆጠረ። እህቱ ደረጃ ላይ ወድቃ የደወለችለት ሱሪ ሲያሳጥር ነበር። «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋባት፤ ከዚያም ረሳት። ከሞተች ዛሬ ሠላሳ አንድ ቀኗ ነው።

ስልክ ሠሪው የመልእክቱን መጨረሻ ከፈተው። የገዛ ሳቁ ተሰማ። «ይሄ ኤሊ እንጂ ስልክ አይደለም» አለ ድምፁ፤ ቀጥሎም «እህትህ ትንፋሽ አትወስድም እንዴ?»

ከዚያ አንዲት ሴት ረጅም ትንፋሽ ወሰደች።

ስልክ ሠሪው ስልኩን በጣቱ ጫፍ ወደ ባለቤቱ ገፋው። «ውሰድልኝ።»

ልብስ ሰፊው «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» ብሎ ላከ። መልእክቱ ወዲያው ተነበበ። ከስሟ ሥር «በመጻፍ ላይ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

ዓመት ሞላው። ጽሑፉ ዛሬም እዚያው አለ።