የጁባ ጎረቤቶቼ

ወንጌል ልሰብክ ጁባ ገብቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው ደጄን አልረገጠም። ሰላም ስላቸው ይስቃሉ እንጂ አይገቡም። ባዶ እጄን ወደ ከተማዬ ወደ ሆሳዕና ብመለስ ያንን ዘግቼው የመጣሁትን ቤቴን እንዴት አድርጌ እከፍተዋለሁ ብዬ ጭንቅ ያዘኝ። ጋምቤላ ያደገችውን አስተርጓሚዬን ኛቦልን፣ «እስቲ ስለ እኔ ንገሪያቸው፣ ይልመዱኝ» አልኳት።

በማግስቱ የሰፈሩ ሴት ሁሉ መጥቶ ቤቱን ሞላው። መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንዳቸውም አልሳቁም። ደስ ብሎኝ መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ።

«ቆይ እህቴ» አለችኝ ኛቦል። «ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት። ልጅሽን በቀበርሽ በሳምንቱ ወደዚህ እንደመጣሽ ነገርኳቸው።»

«ለቅሶ ተቀምጫለሁ አልኩሽ? እኔ መች አለቀስኩ!»

«እሱንም ነግሬያቸዋለሁ።»